ቡድኑ የማን ነው? የዶጀርስ ታሪክ በደጋፊው ዓይን ሲታይ

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ)

ቤት ሲሸጥ በውሉ ላይ የሚጻፈው የቦታው ስፋት፥ የግድግዳውና የጣራው ዓይነት፥ የዋጋውም ልክ ነው። በዚያ ቤት ያደጉት ልጆች ትዝታ ግን በውል ላይ ተጽፎ አይታወቅም። የስፖርት ቡድንም ሲሸጥ እንዲሁ ነው። ሻጭና ገዢ ይፈራረማሉ፤ ገንዘብ ይቆጠራል፤ ጋዜጦችም ዜናውን ያወጣሉ። ቡድኑን በዝናብም በፀሐይም ሲከተል የኖረው ደጋፊ ግን ነገሩን የሚሰማው እንደ ማንኛውም መንገደኛ ካለቀ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመጀመሪያ በብሩክሊን፥ በኋላም በሎስ አንጀለስ ስሙ የታወቀው ዶጀርስ የተባለው የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት በለወጠ ቍጥር፥ ደጋፊው ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ መግለጽ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቤዝቦል በአገራችን ብዙ ያልተለመደ ስለ ሆነ አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ወገን 9 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። የአንደኛው ወገን ወርዋሪ ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን መቺ በዱላ ይመታታል፤ ከመታትም በኋላ በሜዳው ላይ የተመለከቱትን 4 ማዕዘኖች ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል። ለጽሑፋችን ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የቤዝቦል ቡድን የሚጫወተው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አይደለም። በዱሮው ጊዜ በዓመት 154፥ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ 162 ጨዋታዎች ሲያደርግ፥ ግማሹን የሚጫወተው በራሱ ሜዳ ነው። ከአፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ጨዋታ የሌለበት ቀን ጥቂት ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ደጋፊው ቡድኑን የሚያውቀው በበዓል ቀን ብቻ እንደሚመጣ እንግዳ ሳይሆን፥ በየቀኑ ደጁ ላይ እንደሚያየው ጎረቤት ነው።

ብሩክሊን እስከ 1898 ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት ከኒው ዮርክ ጋር ስትጠቃለል የራሷ ከንቲባ ቀረባት፤ የቤዝቦል ቡድኗ ግን አልቀረባትም። «ዶጀርስ» ማለት «እየዘለሉ የሚያመልጡ» እንደ ማለት ሲሆን፥ ስሙ የተገኘው የብሩክሊን ሰዎች በመንገድ ላይ ከሚፈጥነው የኤሌክትሪክ ትራም እየዘለሉ ያመልጡ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ የቡድኑ ስም እንኳ የተወሰደው ከባለሀብት ሳይሆን ከእግረኛው ሕዝብ ነው።

ሚስተር ቻርልስ ኤቤትስ በ1883 ቲኬት በመሸጥና በመሳሰለው ትንሽ ሥራ በክለቡ ተቀጥረው፥ ቀስ በቀስ አክሲዮን እየገዙ እስከ ፕሬዚዳንትነት ደረሱ። በ1913 ኤቤትስ ፊልድ የተባለውን ሜዳ አስከፈቱ። የሜዳው ወጪ ስለ ከበዳቸው ግን የክለቡን ግማሽ ድርሻ ማኪቨር ለተባሉ ሁለት ወንድማማች የሕንፃ ሥራ ተቋራጮች ሸጠው ነበር። በአፕሪል 1925 ሚስተር ኤቤትስ ሞቱ፤ ከወንድማማቾቹም አንደኛው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተከተሏቸው። ከዚህ በኋላ ግማሹ አክሲዮን በአንደኛው ወገን፥ ግማሹም በሌላው ወገን እጅ ስለ ቀረ፥ አንዱ የወደደውን ሌላው እየጠላ ክለቡ እንደ ሙግት መሬት አራሽ አጣ። ዕዳውም እየበዛ ሄዶ ብሩክሊን ትረስት የተባለው ባንክ ዋና ገንዘብ ጠያቂ ሆነ።

በ1938 በባንኩ ግፊት ሚስተር ላሪ ማክፌይል የክለቡ መሪ ሆነው መጡ። እርሳቸውም በዚያው ዓመት በሜዳው ላይ መብራት አስተክለው የሌሊት ጨዋታ አስጀመሩ፤ በ1939 ደግሞ ጨዋታው በራዲዮ እንዲተላለፍ አደረጉ። ከዚያ በፊት የኒው ዮርክ 3 ክለቦች «ሰው በቤቱ ሆኖ ከሰማ ቲኬት አይገዛም» ብለው በመስጋት ራዲዮን በስምምነት ከልክለው ነበር። በመብራቱ ምክንያት ቀን በፋብሪካ የሚውለው ሠራተኛ ማታ ለማየት ቻለ፤ በራዲዮውም ምክንያት አልጋ ላይ የዋለው በሽተኛ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ለመደሰት በቃ። ከዚህ እንደምንረዳው አዲስ አስተዳደር ሁሉ ለደጋፊው ክፉ ነው ማለት አይደለም።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር ተከተለ። በ1942 መጨረሻ ሚስተር ብራንች ሪኪ በሚስተር ማክፌይል ተተኩ። በ1944ና በ1945 ሚስተር ሪኪ፥ በነገረ ፈጅነት ወደ ክለቡ የመጡት ሚስተር ዋልተር ኦማሊና የመድኃኒት ኩባንያ መሪ የነበሩት ሚስተር ጆን ስሚዝ ከቀድሞዎቹ ባለአክሲዮኖች እየገዙ እያንዳንዳቸው 25 በመቶ ያዙ። በዚያን ዘመን ጥቁር ተጫዋች በታላላቆቹ ሊጎች እንዳይገባ፥ በሕግ ሳይጻፍ በባለንብረቶች መስማማት ብቻ፥ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ተከልክሎ ነበር። ሚስተር ሪኪ ይህን ክልከላ ጣሱት። አፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን በኤቤትስ ፊልድ ተሰለፈ። በየከተማው ስድብ ሲወርድበት ታግሦ ተጫወተ፤ በዚያ ዓመት ወደ ኤቤትስ ፊልድ የገባው ተመልካች ከ1,800,000 በላይ ነበር። ሐሳቡ ከባለንብረቱ የመነጨ ቢሆንም፥ ቲኬት እየገዛ በየቀኑ ያጸደቀው ደጋፊው ነው።

የብሩክሊን ደጋፊ ቡድኑን ሲወድ እንደ ገዛ ልጁ እየተቈጣ ነበር። ተጫዋቾቹን በፍቅር «ቦዘኔዎቻችን» እያለ ይጠራቸው ነበር። ሂልዳ ቼስተር የተባለች ዝነኛ ደጋፊ የከብት ቃጭል ይዛ እየመጣች ሜዳውን ታናውጠው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። ቡድኑ በ1941፥ በ1947፥ በ1949፥ በ1952ና በ1953 ለመጨረሻው ሻምፒዮና ደርሶ አምስቱንም ጊዜ በኒው ዮርክ ያንኪስ ተሸነፈ። ደጋፊውም በየዓመቱ «ለከርሞ ያድርሰን» እያለ ወደ ቤቱ ገባ። በመጨረሻም ኦክቶበር 4 ቀን 1955 ጆኒ ፖድረስ በወረወረበት ጨዋታ ዶጀርስ 2 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት አገኘ። ብሩክሊንም ከዚያ ሌላ አላየችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ1950 ሚስተር ስሚዝ ሞቱ። በዚያው ዓመት ሚስተር ኦማሊ የሚስተር ሪኪን ድርሻ 1,000,000 ዶላር በሚያህል ዋጋ ገዝተው በኦክቶበር የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስለ እኒህ ሰው በብሩክሊን ብዙ ክፉ ነገር ተነግሯል፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ይገባዋል።

የሚስተር ኦማሊ ምክንያት ይህ ነበር። ኤቤትስ ፊልድ አርጅቷል፤ የሚይዘው ሰው 32,000 ያህል ብቻ ነው፤ መኪና የሚቆምበት ቦታ ከ700 አይበልጥም፤ ብዙ ደጋፊዎችም ወደ ከተማ ዳርቻ እየሄዱ መኪና ገዝተዋል። በ1953 ከቦስተን ወደ ሚልዋኪ የሄደው ብሬቭስ የተባለው ቡድን በ1954 ከ2,000,000 በላይ ተመልካች ሲያገኝ፥ ዶጀርስ ያገኘው ከ1,000,000 ብዙም የማይበልጥ ነበር። ስለዚህ ሚስተር ኦማሊ በብሩክሊን በአትላንቲክና በፍላትቡሽ ጎዳናዎች መገናኛ አዲስ ስታዲየም በራሳቸው ገንዘብ ለመሥራት አሰቡ፤ መሬቱን ከብዙ ባለይዞታዎች ላይ ሰብስቦ እንዲሸጥላቸው ግን የከተማውን ሥልጣን ፈለጉ። በኒው ዮርክ የሕዝብ ሥራዎች ላይ ታላቅ ሥልጣን የነበራቸው ሚስተር ሮበርት ሞዝስ ይህ ለግል ንግድ የሚደረግ እርዳታ ነው ብለው አልተቀበሉትም፤ በምትኩም በኩዊንስ ፍለሺንግ ሜዶውስ የተባለውን ቦታ አሳዩአቸው። ሚስተር ኦማሊም ቡድኑ ከብሩክሊን ከወጣ ወዲያ ሩቅና ቅርብ ልዩነት የለውም ብለው ነገሩን ተዉት።

ደጋፊው ደግሞ የሚመልሰው አለው። ከ1945 እስከ 1957 ድረስ ከ1,000,000 ያነሰ ተመልካች የገባበት አንድ ዓመት እንኳ አልነበረም፤ ክለቡም ያተርፍ ነበር እንጂ አይከስርም ነበር። ደጋፊው የሚገባውን ከፍሏል፤ ያጓደለው የለም። በ1956ና በ1957 ጥቂት ጨዋታዎች ወደ ጀርሲ ሲቲ ሲወሰዱ ልቡ ፈራ፤ ቡድኑ በብሩክሊን ይቆይ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምልክት በደረቱ ላይ አድርጎ ለመነ። ነገር ግን የሚለምነው ሁለት ትላልቅ ሰዎች በሚደራደሩበት በር ውጭ ቆሞ ነበር። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1957 በኤቤትስ ፊልድ የመጨረሻው ጨዋታ ሲደረግ የገባው ሰው 6,702 ብቻ ነበር። ዶጀርስ ፒትስበርግን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ የሜዳው ኦርጋን ተጫዋችም የስንብት ዜማ አሰማች። ኦክቶበር 8 ቀን ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ መሄዱ በይፋ ተነገረ። በ1960 ሜዳው ፈረሰ፤ በቦታውም የመኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩ። ሚስተር ሞዝስ ባሳዩት በፍለሺንግ ሜዶውስ ደግሞ በ1964 ሜትስ ለተባለው አዲስ ቡድን ስታዲየም ተከፈተ። ጥፋቱ የሚስተር ኦማሊ ነው ወይስ የሚስተር ሞዝስ የሚለው ክርክር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ እስከ ዛሬ አላለቀም። ነገር ግን ጥፋተኛው የትኛውም ቢሆን፥ ካሣውን የከፈለው ያልተጠየቀው ሦስተኛው ወገን ነው።

በሎስ አንጀለስ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አፕሪል 18 ቀን 1958 የመጀመሪያውን ጨዋታ ለማየት 78,672 ሰዎች ገቡ። ማዘጋጃ ቤቱ ለሚስተር ኦማሊ ሊሰጥ የተስማማው ቻቬዝ ራቪን የተባለው 300 ኤከር ያህል መሬት፥ በእኛ አለካክ 3 ጋሻ የሚያህል፥ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። በጁን 1958 ውሉን 351,683 ሰዎች ደገፉት፤ 325,898 ሰዎች ተቃወሙት። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ ብሩክሊን ቡድኗን ስታጣ አንድ ድምፅ እንኳ አልሰጠችም፤ ሎስ አንጀለስ ግን ቡድኑን ስትቀበል ሕዝቧ ተጠይቆ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያም ያልተጠየቁ ነበሩ። በቻቬዝ ራቪን 3 መንደሮች የሚኖሩት ሰዎች አብዛኞቹ የሜክሲኮ ተወላጆች ነበሩ። በ1950 ለሕዝብ መኖሪያ የሚሆኑ አዳዲስ ቤቶች ይሠራሉ፥ እናንተም ቅድሚያ ታገኛላችሁ ተብለው እንዲለቁ ታዘዙ። ብዙዎቹ ለቀቁ፤ የቤቶቹ ሥራ ግን በ1953 ተሰረዘ። በሜይ 1959 ለመልቀቅ እንቢ ያሉት የመጨረሻዎቹ ቤተ ሰቦች በፖሊስ ኃይል ሲወጡ፥ አንዲት ሴት በ4 ሰዎች እጅና እግሯን ተይዛ ከቤቷ ስትወሰድ ሥዕሏ በየጋዜጣው ታየ። አፕሪል 10 ቀን 1962 በዚያ ኮረብታ ላይ 56,000 ሰው የሚይዘው ውብ ስታዲየም ተከፈተ። የብሩክሊን ደጋፊ ያለቀሰበት ሜዳ ፈርሶ ቤት ሲሠራበት፥ በሎስ አንጀለስ ደግሞ ቤት ፈርሶ ሜዳ ተሠራ። ቡድን የሚወድ ሰው ይህንንም ማስታወስ አለበት።

ሚስተር ኦማሊ በአዲሱ ከተማ መልካም ባለንብረት ነበሩ ቢባል ሐሰት አይደለም። ስታዲየሙን በንጽሕና አስያዙ፤ የቲኬቱንም ዋጋ ለብዙ ዓመታት ሳይጨምሩ አቆዩ። በ1950 በብሩክሊን ሥራ የጀመረው ቪን ስካሊ የጨዋታውን ታሪክ በራዲዮ ሲያወራ፥ ተመልካቹ በሜዳው ተቀምጦም ትንሽ ራዲዮውን በጆሮው ይዞ ያዳምጠው ነበር። ይህ ሰው እስከ 2016 ድረስ 67 የውድድር ዓመታት አገልግሏል። ባለንብረት ሲለወጥ ደጋፊው «ይህ ቡድን ያው የኔ ቡድን ነው» የሚለው በእንዲህ ያለ ድምፅ ነው።

በ1998 የኦማሊ ቤተ ሰብ ክለቡን በ311,000,000 ዶላር ለፎክስ ኩባንያ ሸጠ። ሁለት ወር ሳይሞላ በሜይ 1998 የደጋፊው ዓይን ማረፊያ የነበረው ማይክ ፒያዛ ወደ ሌላ ቡድን ተላከ። ንግግሩን ያካሄዱት የቴሌቪዥኑ ኩባንያ ሹማምንት ነበሩ፤ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ እንኳ የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። በ2004 ደግሞ ክለቡን የቦስተን ነጋዴ የነበሩት ሚስተር ፍራንክ ማኮርት 430,000,000 ዶላር በሚያህል ዋጋ፥ አብዛኛውን በብድር፥ ገዙት። በ2009 ከባለቤታቸው ጋር በፍቺ ሲካሰሱ ክለቡ ከሚከራከሩበት ንብረት አንዱ ሆነ። ዝሆኖች ቢጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደ ተባለው፥ በ2011 ክለቡ በኪሣራ ሕግ ከለላ ለመጠየቅ ተገደደ። የቤዝቦል ሊጉም የክለቡ ገንዘብ ለግል ኑሮ ውሏል ብሎ በፍርድ ቤት ወቀሳቸው። በዚህ ጊዜ ደጋፊው አንድ መሣሪያ ብቻ ነበረው፤ በእርሱም ተጠቀመ፤ ይኸውም መቅረት ነው። በ2010 ከ3,500,000 በላይ የነበረው ተመልካች በ2011 ከ3,000,000 በታች ወረደ።

በ2012 ሚስተር ማርክ ዋልተር የሚመሩት የጉገንሃይም ወገን፥ የቅርጫት ኳስ ጀግና የነበረውን ማጂክ ጆንሰንን ጨምሮ፥ ክለቡን በ2,000,000,000 ዶላር ገዛ። አዲሶቹ ባለንብረቶች ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ የመኪና ማቆሚያውን ዋጋ ከ15 ዶላር ወደ 10 ዶላር ማውረድ ነበር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ደጋፊው ግን «አይተውናል» አለ። ነገር ግን ክለቡ ከአንድ የቴሌቪዥን ኩባንያ ጋር በተዋዋለው ታላቅ ውል ምክንያት፥ ከ2014 እስከ 2020 ድረስ በሎስ አንጀለስ አብዛኛው ቤተ ሰብ የገዛ ቡድኑን ጨዋታ በቤቱ ለማየት አልቻለም። ቡድኑ በየዓመቱ እያሸነፈ ለብዙ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። ከዚያም ቡድኑ በ2020፥ በ2024ና በ2025 ሻምፒዮን ሆነ። በ2023 መጨረሻ ሾሄ ኦታኒ ለተባለው ጃፓናዊ ለ10 ዓመት 700,000,000 ዶላር ለመክፈል ተዋዋለ። የሎስ አንጀለስ ደጋፊ ሲደሰት፥ የሌሎች ከተሞች ደጋፊዎች ግን «የኛስ ባለንብረት?» እያሉ ያጉረመርማሉ።

አሁን አንባቢው አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ይሆናል። ንብረት የባለንብረቱ ከሆነ፥ እንደ ወደደ ቢያደርገው ማን ሊቃወመው ይችላል? ይህ ክርክር በሕግ ፊት የጸና ነው። ሆኖም ሒሳቡን እንመልከት። ሚስተር ማኮርት በ430,000,000 የገዙትን፥ ከከሰሩበት ከአንድ ዓመት በኋላ በ2,000,000,000 ዶላር ሸጡት። ይህ ሁሉ ዋጋ ከየት መጣ? ከሜዳው ሣርና ከወንበሩ ብቻ አይደለም። ገዢው የከፈለው ሰዎች ነገም ተመልሰው ስለሚመጡ ነው። እንግዲህ ከሚሸጠው ነገር ታላቁ የደጋፊው ፍቅር ሲሆን፥ እርሱን ግን ሻጩ አልሠራውም። በእጁ ያለ የሌላ ሰው ነገር አደራ ይባላል። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ደጋፊ አዲስ ባለንብረት ሲመጣ የሚጠይቀው ጥያቄ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ቡድኑ ከኛ ጋር ይኖራልን? ሁለተኛ፥ ትንሽ ገቢ ያለው ሰው ጨዋታውን ለማየት ይችላልን? ሦስተኛ፥ ነገር ሲበላሽ እውነቱን ቀድመን እንሰማለንን? ማሸነፍ ከነዚህ በኋላ ይመጣል፤ ብሩክሊን ለብዙ ዓመታት እየተሸነፈች ታማኝ ሆና ኖራለችና። በ1957 ያጣችው ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ነው።

ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻውን ዘብ አይሆንም። በዊስከንሲን ግዛት የምትገኘው ትንሿ ግሪን ቤይ ከተማ በአሜሪካ እግር ኳስ የታወቀውን ፓከርስ የተባለውን ቡድኗን እስከ ዛሬ ለመያዝ የቻለችው፥ ከ1923 ጀምሮ አክሲዮኑ በብዙ ሕዝብ እጅ እንዲሆን በጽሑፍ ስለ ተደረገ ነው። የብሩክሊን ሰዎች ከግሪን ቤይ ሰዎች ያነሰ ፍቅር አልነበራቸውም፤ ያልነበራቸው ወረቀት ነው። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ዙሪያ ቆመን ለቡድናችን የምንጮህ ተማሪዎች፥ ነገ በየከተማው የማኅበርና የክለብ አባሎች፥ አንዳንዶቻችንም መሪዎች እንሆናለን። በዚያን ጊዜ የምንወደው ነገር በማን ስም እንደ ተጻፈ ፍቅራችን ገና ትኵስ ሳለ እንጠይቅ፤ በስማችን የተጻፈ አደራ ካለም ከሌሎች እጅ የተቀበልነው መሆኑን አንርሳ።